መምህር አስረስ የሮጡ ለታ

መምህር አስረስ ሲሮጡ ያየ ሰው ወልቂጤ ውስጥ አልነበረም። ዝናብ ድንገት ወርዶ ገበያተኛው በየበረንዳው ሲሻማ፣ እሳቸው ኮታቸውን ቆልፈው በዚያው በለመዱት እርምጃ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። የሚኒባስ ረዳት «ቶሎ በሉ ጋሼ፣ ልንወጣ ነው!» ካላቸው ቆም ብለው «ሂድ ልጄ፣ ሌላ ይመጣል» ይሉታል። ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ አንድ ወሬ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ የሚያልቅ ነው፤ እሳቸው ግን ባጃጅ ይሳፈራሉ። «መምህር ላብ በላብ ሆኖ ክፍል ከገባ ማን ያከብረዋል?» ነው ምክንያታቸው።

ከቢቸና ተመድበው የመጡት ገና ጢማቸው ሳይጠነክር ነው። ለአንድ ዓመት ብለው መጥተው፣ የሶዶ ክስታኔዋን ወይዘሮ አደይን አግብተው፣ ልጆች ወልደው፣ አስተምረው፣ እዚሁ ቀሩ። በወረቀት የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ናቸው፤ ሰው ሲጠይቃቸው ግን «ጂኦግራፊ» ነው የሚሉት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የአፍሪካን ካርታ ጠመኔውን አንዴም ሳያነሱ ያወጡታል። ከዕድሜያቸው ጋር ቦርጫቸውም አድጓል። ተማሪዎቹ «ቦርጫቸው ቀድሞ ገብቶ ስም ይጠራል፤ ቲቸር ኋላ ይደርሳሉ» ይሉ ነበር።

የስፖርት መምህሩ ኪዱ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ግን የመምህር አስረስ ሰላም አበቃ። ኪዱ ፊሽካውን ለዳይሬክተሯ አስረክቦ ተሰናበተ። ዳይሬክተሯ ሳሌሃ፣ መምህር አስረስ ሰባተኛ ክፍል ካርታ ያሣሏት ልጅ ናት። ዛሬ አለቃቸው ሆናለች፤ ግን አሁንም ስታያቸው ከወንበሯ ትነሣለች። አንድ ሰኞ ጠዋት አስጠራቻቸው።

«ጋሽ አስረስ፣ ከመምህራኑ ሁሉ ክፍለ ጊዜ የሚቀልለው የእርስዎ ነው።»

«ቢቀልልስ?»

«ስፖርቱን ይያዙልኝ።»

መምህር አስረስ ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ፤ ሌላ አስረስ የቆመ መስሏቸው።

«እኔ እኮ ጂኦግራፊ ነኝ፣ ሳሌሃ።»

«ጂኦግራፊም መሬት ላይ ነው፣ ስፖርትም መሬት ላይ ነው።»

«ባሕርም ጂኦግራፊ ነው።»

«ዋና አያስተምሩም ጋሼ፤ የምን ባሕር አለን? ሩጫ ብቻ ነው» አለችና ፊሽካውን በሁለት እጇ፣ በአክብሮት፣ ሰጠቻቸው። በሁለት እጅ የተሰጠን ነገር እንዴት ይመልሳሉ? ተቀበሉ።

የመጀመሪያው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ደረሰ። ልጆቹ ሸራ ጫማቸውን አጥብቀው፣ ከሜዳው በር ላይ ተኮልኩለው ሲጠብቁ መምህር አስረስ «ወደ ክፍል ግቡ» አሉ። ገቡ። ሰሌዳው ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሩጫ ማለት ሁለቱም እግሮች በአንድ ጊዜ መሬት የሚለቁበት የእንቅስቃሴ ዓይነት ነው።» ልጆቹ ገለበጡ። ቀጥሎ ፑሽ አፕ የሚሠራ ሰው ሣሉ። ሥዕሉ በጣም ያምር ነበር፤ ሰውየው ግን ትንሽ ጣና ሐይቅን ይመስላል።

የክፍሉ አለቃ ሲና የምትባል፣ ነገር የማያመልጣት ልጅ ናት። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታዲያ መቼ ነው የምንለቀው?»

«ምኑን?»

«ሁለቱንም እግር።»

«እሱ በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው» አሉና ደወል ሳይደወል ወጡ።

እንዲህ እያሉ አንድ ወር ያህል ገፉ። ልጆቹ የሩጫን ትርጉም፣ የዝላይን ዓይነቶች፣ የሰውነት ማሟሟቂያን ጥቅም እንደ ውዳሴ ሸመደዱ፤ ያላበው ግን አልነበረም። ከዚያ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። በከተማው ያሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሙሉ የጤናና የስፖርት ቀን ያከብራሉ፤ ተማሪዎች በአንድ ሜዳ ጅምናስቲክ ያሳያሉ፤ ከፊት ሆኖ የሚመራው የየትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ መምህራኑ ራሳቸው የጤና ምርመራ ያደርጋሉ።

ለምርመራው ባሂራ የምትባል ነርስ መጣች። በመምህራን ማረፊያ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ አንድ በአንድ የመምህራኑን ክንድ እየጠቀለለች ትለካለች። መምህር አስረስ ዘንድ ስትደርስ አንዴ ለካች፣ ደግማ ለካች።

«ጋሼ፣ ደረጃ ወጥተው ነው የመጡት?»

«ኧረ እዚሁ ተቀምጬ ነበር።»

«ተናደው ነበር?»

«አንቺ ይህን ጨርቅ እስክታጠብቂው ድረስ ሰላም ነበርኩ።»

በሌላኛው ክንዳቸው ለካች። «ይኸኛውም ያንኑ ነው የሚናገረው» አለች። «ጋሼ፣ ደም ግፊት አለብዎት። ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብዎት።»

አታት ሆስፒታል ሄደው ታዩ። ወጣቱ ሐኪም ኪኒን ጻፈላቸውና በትሕትና ነገራቸው፦ «አባቴ፣ ኪኒኑ የሚሠራው ግማሹን ነው። ግማሹን የሚሠራው እግርዎ ነው። በየማለዳው ላብ እስኪመጣ በእግርዎ ይሂዱ፤ ሲችሉ ሶምሶማ ይበሉ። ጨውና ቅቤ ደግሞ ይቀንሱ።»

ጨውስ ምንም አይደለም። ችግሩ ቅቤው ነው። ወይዘሮ አደይ ለበሽታ ሁሉ የሚያውቁት መድኃኒት ቅቤ ነው፤ ለሳል ቅቤ፣ ለወገብ ቅቤ፣ ለሐዘን ቅቤ። ደም ግፊት ያዘኝ ቢሏቸው ምን እንደሚያቀልጡላቸው መምህር አስረስ አስቀድመው ታያቸው። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ ሳይሉ ኪኒኑን ኮታቸው ኪስ ከተቱ። ሶምሶማውንም በድብቅ ሊጀምሩ ወሰኑ።

ቱታ የላቸውም። ቱታ ይሰፋልኝ እንዳይሉ፣ ልብስ ሰፊዋ ሚስታቸው ራሳቸው ናቸው። ሰማዩ ገና ሲገረጣ፣ ሚስታቸው ሳይነቁ፣ በሱፍ ሱሪያቸውና በኮታቸው ላይ ልጃቸው ጥሎት የሄደውን ሸራ ጫማ ተጫምተው፣ ላብ ሲመጣ የሚቀይሩትን ሸሚዝ በፌስታል ይዘው ከቤት ወጡ። ሰው ከማያውቀኝ ቦታ ልሩጥ ብለው ወደ አታት በሚወስደው አስፋልት በኩል ከከተማ ወጣ አሉ። ግራና ቀኝ ተመለከቱ። ማንም የለም። አንዴ ዕፎይ አሉና ሁለቱንም እግራቸውን ከመሬት አላቀቁ።

ብዙ ሳይሄዱ ከኋላቸው ባጃጅ ደረሰ። ዕድሜ ልኩን በአንድ ከተማ ያስተማረ ሰው የማያውቀው ባጃጅ የለም። አሽከርካሪው የቀድሞ ተማሪያቸው ነበር።

«ቲቸር! ማን ሞተ?»

«ማንም… አልሞተም» አሉ እያለከለኩ።

«ታዲያ ማን እያሳደደዎት ነው?»

«ማንም አላሳደደኝም። ለጤና ነው።»

«ለጤና? ታመዋል እንዴ? ይግቡ፣ ይግቡ!» አለና ወርዶ ክንዳቸውን ይዞ ከኋላ ወንበር አስቀመጣቸው። ቤታቸው በር ላይ አደረሳቸው፤ ሒሳብም አልቀበልም አለ።

በማግስቱ ሌላ ባጃጅ ጫናቸው። ከዚያ ወዲያ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ሰርቪስ ቆመላቸው። ቀጥሎ ጀሪካን የጫነ ጋሪ። በዚያ ሳምንት ሊሮጡ ወጥተው ተሳፍረው ያልተመለሱበት ቀን አልነበረም።

ወልቂጤ ደግሞ ወሬ የምታስቀምጥ ከተማ አይደለችም። ኮት የለበሰ ትልቅ ሰው፣ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ በማለዳ ከከተማ እየሮጠ ሲወጣ የታየበት ምክንያት አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሚስቱ አባርራዋለች። የወይዘሮ አደይ ደንበኞች ቀሚስ ለማስለካት እየመጡ፣ ተለክተው ሲጨርሱ ትከሻቸውን መታ መታ እያደረጉ «አይዞሽ፣ ወንድ ልጅ መመለሱ አይቀርም» ይሏቸው ጀመር። ወይዘሮ አደይ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ ግን ራሳቸው ያዩትን ከወሬው ጋር አያያዙት። ባላቸው ማለዳ ማለዳ ቀስ ብለው ይወጣሉ። ሲመለሱ ሸሚዛቸውን ቀይረዋል። ቅቤ ያለበትን ምግብ ገፋ ያደርጋሉ። ወይዘሮ አደይ መቀሳቸውን አስቀምጠው ብዙ አሰቡ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች የመምህር አስረስን በር አንኳኩ። አንደኛው የእድሩ ዳኛ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው፤ ሁለተኛው እህል በጅምላ የሚነግዱት ጎረቤታቸው ሐጂ ከማሉ። ሁለቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ለከባድ ጉዳይ አዘጋጅተው ገቡ። መምህር አስረስ የእድር ጉዳይ መስሏቸው ወንበር አቀረቡ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ሐጂ ከማሉ ሲቀመጡ። «እንግዲህ ግጭት የሌለበት ቤት የለም። የኛም ቤት ነበረ፣ አለ፣ ኢንሻአላህ ይኖራል።»

«የምን ግጭት?» አሉ መምህር አስረስ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አስረስ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ሰው ከሚስቱ ቢጣላ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል እንጂ ወደ አታት አይሮጥም።»

«እኔ ከማንም አልተጣላሁም!»

«እሱን እሷ ትናገር» አሉና ወደ ወይዘሮ አደይ ዞሩ። ወይዘሮ አደይ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«ምን እናገራለሁ? ቅቤዬን ተወ። ስንት ዘመን የበላውን ቅቤ በአንድ ሳምንት ተወ። ሌላ ቤት ካልበላ በቀር ሰው እንዴት ብሎ ቅቤ ይተዋል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከባድ ማስረጃ ነበር። ሐጂ ከማሉ ጭንቅላታቸውን ወዘወዙ፤ አቶ ሀብተጊዮርጊስ «ቅቤውንስ ለምን ተውክ?» ብለው እንደ ዐቃቤ ሕግ ጠየቁ።

መምህር አስረስ አዩ፣ አሰቡ፣ ማምለጫ አጡ። ወደ ኮታቸው ኪስ እጃቸውን ከተው የኪኒኑን ካርቶን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ግፊት ነው» አሉ።

ወይዘሮ አደይ ነጠላውን ከዓይናቸው አወረዱ። «ሴት አይደለችም?»

«ግፊት ነው አልኩሽ።»

«ተመስገን አምላኬ!» አሉ ወይዘሮ አደይ፣ እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘርግተው። ከዚያ ዘርግተውት እንዳሉ ነገሩ ገባቸው። «ምን? ደም ብዛት? ወይኔ አስረስ! ወይኔ የልጆቼ አባት!» ብለው አሁን የእውነት አለቀሱ። መምህር አስረስ በሌላ ሴት ከመታማታቸው ይልቅ በዚህኛው ልቅሶ ደነገጡ። ተነሥተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ እግር ስለሚሠራው ግማሽም ጭምር፣ አንድ በአንድ ነገሯቸው።

በዚህ መሃል ሐጂ ከማሉ የኪኒኑን ካርቶን አንሥተው ሲያገላብጡ ቆዩና፣ ከጋቢያቸው ሥር እጃቸውን ሰደው የራሳቸውን ካርቶን አወጡ።

«የኔ ስኳር ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባሂራ ለኔም በእግርህ ሂድ ብላኛለች። ብቻዬን አፍሬ ነው የተቀመጥኩት።»

ሁሉም ወደ አቶ ሀብተጊዮርጊስ አዩ።

«እኔ ምንም የለብኝም» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። ጉልበታቸውን አሸት አሸት አድርገው «ጉልበቴ ብቻ» አሉ። ከዚያም «ሌሊት ሌሊት ደግሞ ትንፋሽ ያጥረኛል።»

ሽምግልናው እንዲህ ተፈጸመ። ከማግስቱ ጀምሮ ሦስቱ አብረው ማለዳ በእግር ለመሄድ ተስማሙ። ቅቤውን በተመለከተ ወይዘሮ አደይ ብዙ ተከራክረው በበዓል ቀን ብቻ፣ እሱም ለሽታ ያህል፣ በሚል ታረቁ። ባለቤታቸው እንደ ሸሸ ሰው በኮት እንዳይሮጡም ለአንድ ቢሮ መጋረጃ ሰፍተው ከተረፋቸው የወይን ጠጅ ቀለም ከፋይ ላይ ቱታ ቆረጡላቸው። ከፋዩ ወፍራም ነው፤ የለበሰውን ሰው ከሩቅ ሶፋ ያስመስለዋል። ግን ላብ በማምጣት የሚስተካከለው አልነበረም።

ሦስት ሽማግሌዎች አብረው ሲሄዱ ደግሞ ማንም «ማን ሞተ?» አላለም። ያያቸው ሁሉ ለዕርቅ የሚሄዱ እየመሰለው መንገድ ይለቅላቸዋል፤ ባጃጆቹ ፍጥነት ይቀንሳሉ። «ዛሬ ደግሞ የማን ትዳር ይሆን?» እያለ ሰፈሩ ይገምታል። አንድ የተጣሉ ባልና ሚስትማ በራቸው ላይ ሲያልፉ አይተዋቸው፣ ሊገቡብን ነው ብለው ፈርተው በዚያው ጠዋት ተታረቁ ይባላል።

መምህር አስረስ እግራቸው ሲፈታ አፋቸውም ተፈታ። ልጆቹን ከክፍል አውጥተው ሜዳ ላይ አሰለፉ። ሲና ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «ቲቸር፣ ምዕራፉ ደረሰ?» አለች። «ደረሰ» አሏት።

ግን ማሰልጠኑ ቀላል አልሆነም። መምህር አስረስ ከልጆቹ ፊት ለፊት ቆመው «ቀኝ እጅ!» ሲሉ የራሳቸውን ቀኝ ያነሣሉ። ከልጆቹ ግማሹ የሰማውን ቀኝ፣ ግማሹ ያየውን ግራ ያነሣል፤ ጎን ለጎን የቆሙት ይጋጫሉ። «ወደ ግራ ዝለል!» ሲሉማ ሰልፉ መሃል ለመሃል ተላተመ፤ የአንዷ አፍንጫ ደማ። ፊታቸውን አዙረው ቢመሩ ደግሞ ልጆቹ ከኋላቸው ምን እንደሚሠሩ አያዩም፤ የሚሠሩት ምን እንደሆነ የሚያውቁት ከሳቁ ብቻ ነው።

ሁለት ቀን ተጨንቀው ሲያበቁ «አቅጣጫ እኮ የኔ ትምህርት ነው» አሉ ለራሳቸው። በማግስቱ «ሰሜን! ደቡብ!» እያሉ ሞከሩ። ልጆቹ ፈተና መስሏቸው ማሰብ ጀመሩ። ከዚያ ከግቢው ውጭ የጅማ አውቶቡስ ጥሩንባውን እያንባረቀ አለፈ። መምህር አስረስ ዓይናቸው በራ።

«ጅማ ወዴት ነው?»

ልጁ ሁሉ ሳያስብ ጠቆመ። አንድም የተሳሳተ የለም።

«አዲስ አበባስ?»

ሁሉም ወደ ሌላኛው ጠቆመ። መንገድ ዳር ያደገ ልጅ ይህን እንዴት ይስታል!

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ውሃ ፈሰሰ። «እጅ ወደ ጅማ! እጅ ወደ አዲስ አበባ! ወገብ ወደ አታት!» በአራተኛው አቅጣጫ የሚታወቅ ከተማ ስላጡ «ወደ እንጨት መሸጫው!» ይላሉ። መምህሩ በየትም በኩል ይቁሙ፣ ፊታቸውን ወዴትም ያዙሩ፣ ጅማ ቦታዋን አትለቅም። የማሳረጊያው እንቅስቃሴ ሩጫ ነበር። «ሩጫ ወደ አዲስ አበባ!» ሲሉ ልጁ በሙሉ እስከ ግቢው ግንብ ይበርራል፤ «ተመለስ!» ሲሉ ዞሮ ይመጣል። ሳሌሃ በመስኮት እያየች ታጨበጭብ ነበር።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። የከተማው ሜዳ በሕዝብ ተሞላ፤ ድንኳን ተተከለ፤ የክብር እንግዶች ተቀመጡ። ባሂራ ከድንኳኑ ጥግ መለኪያዋን ዘርግታ የወላጆችን ግፊት ትለካለች። ወይዘሮ አደይ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስና ሐጂ ከማሉ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። መምህር አስረስ የከፋይ ቱታቸውን ለብሰው ሲገቡ ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ ጭብጨባ ይሁን ሳቅ የማይለይ ነገር ተነሣ።

የመጀመሪያዎቹ ትምህርት ቤቶች ጅምናስቲካቸውን በየተራ አሳዩ። ቀኝ ሲባል ግራ፣ ግራ ሲባል ቀኝ እየሆነ ብዙ ክርን ብዙ ጎን አገኘ። በዚህ መሃል ደመናው ጠቆረ። ዝናብ ሊመጣ መሆኑን ያየው አስተባባሪ የቀሩት ትምህርት ቤቶች ሁሉም በአንድ ላይ ይግቡ ብሎ ወሰነ። ማን ይምራ ሲባል ሳሌሃ ቀደመች። «ጋሽ አስረስ ይምሩ!» አለች። ድምፅ ማጉያው ተሰጣቸው።

መምህር አስረስ ያን ሁሉ ልጅ ሲያዩ ማጉያውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ከዚያ ሲናን ከፊት ረድፍ ቆማ አዩዋትና በረታ አሉ።

«እጅ ወደ ጅማ!»

ከሌሎቹ ትምህርት ቤቶች የመጡት ልጆች ለአንድ አፍታ ተያዩ። ግን ጅማን የማያውቅ ማን አለ? ሜዳው በሙሉ እጁን ወደ አንድ ወገን ዘረጋ። «እጅ ወደ አዲስ አበባ! ወገብ ወደ አታት!» ያ ሁሉ ልጅ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ ወዲያና ወዲህ ተጠማዘዘ። የክብር እንግዶቹ ቆመው አጨበጨቡ። ከወላጆቹም እጃቸውን ወደ እንጨት መሸጫው የዘረጉ ነበሩ። መምህር አስረስ ልባቸው ሞላ፣ ደረታቸው ተነፋ፣ በሙሉ ድምፃቸው ጮኹ፦

«ሩጫ ወደ አዲስ አበባ!»

ልጁ ተነቀለ። መብራት የሄደውም በዚያችው ቅጽበት ነው። መምህር አስረስ «ተመለስ!» አሉ፤ ማጉያው ዝም አለ። «ተመለስ!» ደገሙ፤ ከአጠገባቸው ካለው አስተባባሪ በቀር የሰማ የለም። ያላሰቡት ነገር ደግሞ ነበር። በትምህርት ቤቱ ግቢ በአዲስ አበባ በኩል ግንብ አለ። በዚህ ሜዳ በአዲስ አበባ በኩል ያለው በር ነው፤ ያውም ወለል ብሎ የተከፈተ።

ልጁ በሙሉ በበሩ ፈስሶ ወጣና አስፋልቱን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

መምህር አስረስ ማጉያውን ወረወሩ። ተከትለው ሮጡ። እንደ ሶምሶማ አይደለም፤ እንደ ጎረምሳ ነው የሮጡት። ከፋዩ እየተፋተገ፣ ቦርጫቸው ወደ ላይና ወደ ታች እየዘለለ፣ ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ እየተወዛወዘ፣ መንፋቱ ትዝ ሳይላቸው። ከኋላቸው ወይዘሮ አደይ «አስረስ! ግፊትህን! ግፊትህን!» እያሉ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተነሡ። ሐጂ ከማሉና አቶ ሀብተጊዮርጊስም ከዘራቸውን አንሥተው ተከተሉ። የትራፊክ ፖሊሱ ምን እንደመጣ ባያውቅም ሁለቱንም እጁን ዘርግቶ መኪናውን ሁሉ በግራም በቀኝም አቆመ። ወልቂጤ መንገድ ዳር ወጥታ አየች። ባጃጆቹ ቆሙ፤ ዛሬስ «ይግቡ ቲቸር» ለማለት የደፈረ የለም።

ልጆቹን ከከተማው ጫፍ፣ ነዳጅ ማደያው አጠገብ ደረሱባቸው። ሲና እጇን ዘርግታ አስቁማቸው ነበር።

«ቲቸር፣ ተመለስ ስላላሉ ነው» አለች፤ ትንፋሿ እንኳ አልተዛባም። «እኔ ነኝ ወሊሶ ሳንደርስ እንጠብቃቸው ያልኩት።»

መምህር አስረስ ጉልበታቸውን ይዘው ቆሙ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አየር እንጂ ቃል አልወጣም። የቻሉት አንድ ነገር ነው። ክንዳቸውን አንሥተው ወደ መጡበት፣ ወደ ሜዳው ጠቆሙ። ሜዳው በጅማ በኩል ነው።

ልጁ በሙሉ ገባው። እጁን ወደ ጅማ ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

መምህር አስረስ ጭንቅላታቸውን ወዘወዙ፤ አሁንም ጠቆሙ። ልጆቹ ክንዳቸውን ይበልጥ አጠነከሩ። የቆመው የጅማ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ይህን ሲያዩ መንገድ የሚያሳዩአቸው መስሏቸው በመስኮት ብቅ ብለው ምስጋና አቀረቡ። መምህር አስረስ አንዴ በረጅሙ ተነፈሱና፣ ከሆዳቸው ሥር ድምፅ ፈልገው አገኙ፦

«እግርም!»

ያን ጊዜ ልጁ ተነሣ። እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ከመካከሉ መምህሩን ከቦ ወደ ሜዳው ሮጦ ተመለሰ። ዝናቡ በሩ ላይ ደረሰባቸው፤ ማንም ግን ለመጠለል የሞከረ አልነበረም።

ዋናው የክብር እንግዳ በድንኳኑ ውስጥ ወደ አስተባባሪው ጠጋ ብለው «የጎዳና ላይ ሩጫም ነበረው እንዴ ፕሮግራሙ?» አሉ።

«አዎ» አለ አስተባባሪው፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«በጣም ጥሩ ታቅዷል!»

ባሂራ ግን በእቅዱ አልተደነቀችም። መምህር አስረስን ጎትታ ወንበር ላይ ጣለቻቸውና ለካች። ቁጥሩን ለማንም አልተናገረችም። ውሃ አጠጣቻቸው፣ የቱታቸውን ጃኬት አስወለቀቻቸው፣ ዝም ብለው እንዲቀመጡ አዘዘቻቸው። ዝናቡ ሲያባራ እንደገና ለካችና ፈገግ አለች። «ግፊትዎን ካወቅን ጀምሮ በጣም ዝቅ ያለው ዛሬ ነው» አለች። «ግን እንደዚህ ያለ ሩጫ ሁለተኛ እንዳያስቡት። ይኸን ያህል ልጅ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩበት ቀን ካለ አስቀድመው ይንገሩኝ።» ወይዘሮ አደይ ከጎን ቆመው የባላቸውን ፊት በነጠላቸው ያብሱ ነበር፤ እያበሱም ይስቁ ነበር፤ መሳቅም ማልቀስም ሲያቅታቸው ወንበር ስበው ራሳቸውም ክንዳቸውን ለባሂራ ዘረጉ።

የወይዘሮ አደይም ግፊት ትንሽ ከፍ ብሎ ተገኘ።

አሁን ወልቂጤ ውስጥ ማለዳ በአታት መንገድ ብትወጡ አራት ሰዎች ታያላችሁ። መምህር አስረስ፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስና ሐጂ ከማሉ ሦስቱ ጎን ለጎን ስለ እህል ዋጋና ስለ ጉልበት እያወሩ ይሄዳሉ። ወይዘሮ አደይ ከፊት ናቸው፤ ወሬ አይጠብቁም፤ ለልብስ ስፌት ሱቃቸው መክፈቻ መድረስ አለባቸው። አልፎ አልፎ ዞር ብለው «ኧረ ወንዶች፣ ምነው?» ይላሉ። ሦስቱም መልስ ሳይሰጡ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ፤ እስከ ዛሬ ግን አልደረሱባቸውም።